ባለቤት የሌለው ጫጫታ

ገርጂ አካባቢ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ካሉት ቤቶች ስንቶቹ በቀን እንደሚከራዩ በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም። የጥበቃ ሠራተኞቹ ይገምታሉ። የማኅበሩ ኮሚቴ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮውን በባንክ ስለሚቀበል የሚያውቀው የባለቤቶቹን ስም እንጂ በዚያ ሌሊት በአልጋቸው ላይ ያደረውን ሰው አይደለም። ከእኛ በላይ ያለው ቤት በቀን የሚከራይ መሆኑን ለማወቅ ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሻንጣ በሴራሚክ ወለል ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ከሌላ ከምንም ጋር አይምታታም፤ ቋሚ ነዋሪ ደግሞ በየሳምንቱ ሻንጣ ሲያስገባና ሲያስወጣ አይኖርም።

ቤቶቹ ሲገዙ ለዚህ ታስበው አልነበረም። ገዢዎቹ በብዛት ከሀገር ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ አንዳንዶቹ በአውሮፓ፣ ጥቂቶቹም በዓረብ ሀገር ለዓመታት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዙ ሴቶች ናቸው። ቤቱን ያሰቡት ለጡረታ፣ ለወላጅ ማሳረፊያ፣ ወይም ለጥምቀት ሲመጡ ሆቴል ላለመግባት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኞቹ ቤቶች ተቆልፈው ስለሚከርሙ ማታ ከውጭ ሲታይ መብራት ያለባቸው መስኮቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ለገና በዓል አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ ሀገር ቤት እንዲገባ መንግሥት ጥሪ ባቀረበ ጊዜ ግን ማረፊያ ፍለጋው ሕንፃችን ድረስ መጣ፤ ተዘግቶ የሚከርም ቤት በአንድ ወር ውስጥ ምን ያህል ሊያስገባ እንደሚችልም ብዙዎቹ ባለቤቶች ያኔ ተረዱ። ከዚያ ወዲህ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገባበት «ፈርኒሽድ» ቤት በስልክ መተግበሪያ፣ በቴሌግራም፣ አለዚያም በሰፈሩ ደላላ በኩል በቀን ሒሳብ ይከራያል።

ለባለቤቶቹ ምክንያት አይጠፋቸውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው በየስድስት ወሩ ዕቃ ተሸክሞ እንዳይንከራተት የሚረዳ ስለሆነ እኔ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቤቷን በየዓመቱ ጥር ላይ ለራሷና ለልጆቿ የምትፈልግ ሴት ለ2 ዓመት አከራይታ ለጥምቀት ልቀቁልኝ ልትል አትችልም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ሲኖርባት፣ ቤቱ ባዶ ከሚሆን እንግዳ ይግባበት ብትል አልፈርድባትም። የምፈርድበት ነገር ሌላ ነው፤ እርሱም ቤቱን ለእንግዳ ከፍቶ ራስን መሰወር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ስናገር በመጀመሪያ የሚገጥመኝ ሳቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ጫጫታ ማማረር ቅንጦት ይመስላል። ከተማችን ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ የሚጸለይባት፣ ጎህ ሳይቀድ አዛን የሚሰማባት፣ የታክሲ ረዳት ገና በማለዳ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ የሚጮህባት፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር በየግቢው የሚነሣባት፣ በየመንገዱ ዳር ሕንፃ የሚገነባባትና ውሾቿም ሌሊቱን ተቀባብለው የሚያድሩባት ናት። በዚህ ሁሉ መሀል የሚተኛ ሰው በአንድ ሻንጣ ምክንያት ለምን ይነቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ከማንም በፊት ራሴን ጠይቄዋለሁ።

መልሱን ያገኘሁት በጫጫታ ያለፈ አንድ ሌሊት ሳስታውስ ነው። አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ልጇን በጥር ወር ስትድር ድንኳን የተተከለው በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበር። ኪቦርዱ፣ ከበሮው፣ እልልታውና የመኪናው ጥሩንባ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ድረስ የሕንፃውን መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበር። በመልሱና በቅልቅሉ ቀናትም እንዲሁ ሆነ። ከበላያችን ያሉት እንግዶች በማንኛውም ሌሊት ካሰሙት ድምፅ ያ የሠርግ ድምፅ እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም ከሕንፃው ነዋሪ መካከል አንድም ሰው አላማረረም፤ እናቴ እንኳ፣ የእርጅና እንቅልፏ በትንሽ ነገር የሚቋረጥባት ሴት፣ «ትደግስ፣ የዓመት ሰው ይበለን» ብላ ከአልጋዋ ተነሥታ በመስኮት ስታይ አመሸች።

ይህ የሆነው ሠርግ ደስ ስለሚል ብቻ አይመስለኝም። የሙሽራዋ እናት ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ከታች እስከ ላይ በየበሩ እያንኳኳች የጥሪ ካርድ ሰጥታ፣ «እንግዲህ ያን ሌሊት ቻሉኝ» ብላን ነበር። በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ጫጫታው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያበቃ አወቅን። የማን እንደሆነ አወቅን። ልክ ካለፈ የማንን በር እንደምናንኳኳ አወቅን። ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስዋ በእኛ ዘንድ ባለዕዳ ሆነች፤ ነገ በእኛ ቤት ለቅሶ ቢደርስና ድንኳኑ እርስዋ መኪናዋን በምታቆምበት ቦታ ላይ ቢተከል፣ ሰውም ሌሊቱን ሲገባና ሲወጣ ቢያድር፣ ምንም የምትለው ነገር አይኖርም። እንዲያውም እንጀራ ይዛ የምትመጣው እርስዋ ናት። የጎረቤታሞች ጫጫታ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ አንዱ ይወስዳል፣ ነገ ተራው የሌላው ይሆናል፣ ማንም ዕጣው የደረሰውን ሰው አይከስም። በቀን የሚከራይ እንግዳ ግን ዕጣውን በመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ የሚሄድ ነው፤ እኛም በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ሰው እንጥላለን።

በሦስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለ፤ ኮሪደሩን ሙሉ ኳስ ያንከባልልበታል። ስሙን አውቀዋለሁ። በደረጃ ላይ ሳገኘው «ትናንት ምን ሆነህ ነው እንዲያ ያስሮጠህ?» እለዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ኳሱ አሁንም ይንከባለላል፤ እኔን ግን አይቀሰቅሰኝም።

የሕንፃዎቻችን አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። ግድግዳችን ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፤ ወለላችን ሴራሚክ ነው፤ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ጥቂት ነው። በአየር የሚመጣን ድምፅ፣ ለምሳሌ ንግግርን፣ ወፍራም ግድግዳና በደንብ የሚገጥም በር ያስቀሩታል፤ በወለል ላይ የሚጎተት ወንበር፣ የጫማ ተረከዝና የወደቀ ዕቃ የሚያሰሙት ድምፅ ግን በኮንክሪቱ በኩል ስለሚጓዝ ወፍራም ግድግዳ ብቻውን አያቆመውም። ከሙዚቃም ጎርናናው የቤዝ ድምፅ ነው ግድግዳ የሚያልፈው፤ ለዚህ ነው ከጎረቤት ቤት ዘፈኑ ሳይሰማ ምቱ ብቻ ደረት ላይ የሚያርፈው። የመታጠቢያ ቤቶቹ ቧንቧ የሚያልፍበት ክፍት መስመር ደግሞ ከላይኛው ፎቅ የሚነገረውን ቁልጭ አድርጎ ያወርደዋል። ሳልፈልግ የሰማኋቸውን የሰው ምስጢሮች እዚህ አልጽፍም።

በሀገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ደግሞ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30፣ በድንገት የሚሰማ ነጠላ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጡ ትክክል ነው። ሰው ያለማቋረጥ የሚጮህን ጀነሬተር ለምዶ ይተኛል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ግን ልቡ ይመታል። በእኛ ቤት ከሙዚቃም ከሻንጣም በላይ ያስቸገረን ይህ ማንኳኳት ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ ደክሞት ይመጣል፤ የተላከለት መልእክት ፎቁን በአሜሪካ አቆጣጠር ይሁን በእኛ ለይቶ አይነግረውም፤ እኛ አምስተኛ የምንለው ለእርሱ ስድስተኛ ይሆንበታል። በሩን የምትከፍተው እናቴ ናት፤ ለጸሎት ስለምትነሣ ቀድማ የምትሰማው እርስዋ ናት። የመሸበትን እንግዳ አሳልፎ መስደድ አልለመደባትምና ለአንዱ ውኃ ሰጥታ፣ ለሌላው ወንበር አቅርባ ጥበቃውን ስትጠራ አግኝቻታለሁ። ሌሎች ጎረቤቶቻችን ግን በሩን ሳይከፍቱ በፍርሃት ቁጭ ብለው ያድራሉ፤ እንደ ጊዜያችን ሁኔታ እነርሱንም ሞኝ አልላቸውም።

እንግዶቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። አንድ ክረምት ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ከዋሽንግተን መጥተው ከበላያችን አረፉ። ልጆቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጡ ነበር። ከእናትየዋ ጋር በሊፍት ውስጥ ተገናኝተን ከታች የምኖረው እኔ መሆኔን ስነግራት ደነገጠች። «በሞቴ፣ ከሥራችን ሰው እንዳለ ማንም አልነገረንም፤ ሁሉም ቤት እንደዚህ የሚከራይ መስሎን ነበር» አለችኝ። እዚህ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና የምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ያጠፉት ጥፋት የለም፣ አካላቸው ገና ውቅያኖሱን አልተሻገረም። በዚያው ዕለት ማታ ፍራሾቹን መሬት ላይ አንጥፋ ልጆቹን በላያቸው አጫወተቻቸው፤ ያን ሌሊት ብዙም አልሰማናቸውም። አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነበር። ያንን ዐረፍተ ነገር ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ እኔ በተናገርኩት ማግስት ደግሞ እነርሱ ወደ ላሊበላ ተነሡና ሌሎች ገቡ።

ሁሉም እንግዳ እንደ እርስዋ አይደለም። ለአንድ ሌሊት ልደት ሊያከብሩ የሚከራዩ ወጣቶች አሉ፤ ትልልቅ ስፒከር በሊፍት ይዘው ሲገቡ ማየት ለሚመጣው ሌሊት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የሺሻ ጭስ በኮሪደሩ የሚሞላባቸው ቀናት አሉ። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በሃሎዊን በዓል ሌሊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሪንዳ በምትባል ከተማ ኤርቢኤንቢ በተባለው የቤት ማከራያ መተግበሪያ በተከራየ ቤት በተደረገ ድግስ ላይ ተኩስ ተከፍቶ 5 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው በነሐሴ ወር 2020 በሁሉም ሀገር ድግስን አገደ፤ በ2022 ደግሞ እገዳው ቋሚ እንዲሆን ወሰነ። እገዳው ጥሩ ነው። ሆኖም የብዙዎቻችንን እንቅልፍ የሚነሣው ድግሱ ሳይሆን ተራው ሌሊት ነው፤ ተራውን ሌሊት ደግሞ የትኛውም የኩባንያ ደንብ አይደርስበትም።

እስኪ አንድ አቤቱታ የሚሄድበትን መንገድ ልከተል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወደ ጥበቃው እወርዳለሁ። «ምን ላድርግ እትዬ፤ እነሱ የሚያውቁት ደላላውን ነው፤ ደላላው ደግሞ ማታ ስልክ አያነሣም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በደመወዙ ላይ የሰው በር አንኳክቶ መሰደብ አልተጨመረለትም። ጠዋት ደላላው ሲገኝ ቁልፉን ያስረከበችው የጽዳት ሠራተኛዋ መሆኗን ይናገራል። እርስዋ ትእዛዝ የምትቀበለው ከቤቱ ባለቤት ወንድም ነው። ወንድምየው ጉዳዩ የእህቱ መሆኑን ይነግረኛል። እህትየዋ ዋሽንግተን ናት። በዋትስአፕ ስደውልላት እጅግ በትሕትና አነጋገረችኝ፤ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና እንደምትሠራ፣ በኪራዩም የእናቷን መድኃኒት እንደምትገዛ ነገረችኝ፣ ወዲያው ለእንግዶቹ እንደምትጽፍላቸውም ቃል ገባችልኝ። ጻፈችላቸውም። እነርሱም ጸጥ አሉ። በሁለተኛው ቀን ግን ወጡና አዲስ የገቡት ሰዎች ያ መልእክት አልደረሳቸውም፤ እኔም ወደ ጥበቃው ልወርድ ሆነ።

የነገሩ ቁልፍ ለእኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከጎረቤት ጋር የተደረሰ ስምምነት ይጠራቀማል፤ አንዴ የተባባልነው ነገር ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። ከእንግዳ ጋር የተደረሰው ግን ሻንጣው ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በቤቱ ውስጥ ሳይለወጥ የሚኖረው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ ስምምነቱን መያዝ የሚችለውም እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳውን መቆጣት ፍሬ የለውም። ሊጠየቅ የሚገባው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ካልኖረ ደግሞ በእርሱ ምትክ እዚሁ የሚገኝ ሰው።

ሕጋችን ይህን ከእኔ ቀድሞ ያሰበው ይመስለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያስቸግር፣ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ልኩም የሚታየው የአካባቢውን ልማድ መሠረት በማድረግ ነው። ልኩን በዴሲቤል ሳይሆን በጉርብትና መለካቱን እወድለታለሁ፤ የሠርጉን ሌሊትና የሻንጣውን ሌሊት በመሣሪያ ብንለካ ጥፋተኛዋ የሙሽራዋ እናት ትሆን ነበርና። ደግሞም ግዴታው የተጣለው በባለንብረቱ ላይ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በበኩሉ የቤት ባለቤቶች ማኅበርና የመተዳደሪያ ደንብ እንዲኖር አድርጓል። ችግሩ ደንቦቹ በተጻፉበት ዘመን የታሰበው ሰው በዚያው ቤት የሚኖር ባለቤት ወይም ለዓመታት የሚቀመጥ ተከራይ መሆኑ ነው። ልብስ በበረንዳ ስለማስጣት፣ በግ ስለማረድና ውኃ ስለመቅዳት በዝርዝር ተጽፏል፤ በየሦስት ቀኑ ስለሚለዋወጥ ነዋሪ ግን ምንም ነገር የለም።

ሌሎች ከተሞች የሄዱባቸውን መንገዶች ማየት ጠቅሞኛል፤ ሁሉንም ግን አልወደድኳቸውም። የባርሴሎና ከንቲባ ጃውሜ ኮልቦኒ በሰኔ ወር 2024 እ.ኤ.አ. የከተማዋ 10,101 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች እስከ ኅዳር 2028 ድረስ እንደሚያበቁና እንደማይታደሱ አስታወቁ። ዋናው ምክንያታቸው የኪራይ ዋጋ መናር እንጂ የሌሊት ጫጫታ አልነበረም፤ በእኛ ሕንፃ ግን የኪራይ ገቢዋን ለእናቷ መድኃኒት የምታውል ሴት ስላለች ሙሉ በሙሉ ማገድ ይከብደኛል። ስፔን ውስጥ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ባለቤት አፓርታማውን አዲስ ለቱሪስት ማከራየት ሲፈልግ ከሕንፃው ባለቤቶች የሦስት አምስተኛውን ድምፅ ማግኘት አለበት። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ባለቤቶች ራሳቸው በሌሉበት እንደ እኛ ባለ ሕንፃ ድምፅ የሚሰጠው የሌሊቱን ጫጫታ የማይሰማው ሰው ነው። ኒውዮርክ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እንግዳው ባለበት ጊዜ ራሱ በዚያው ቤት መኖር አለበት፤ እንግዶቹም ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። ይህ ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ የዋሽንግተኗ ባለቤታችን ግን በፍጹም ልትፈጽመው አትችልም።

ለእኛ የሚስማማውን ያገኘሁት የሀገሬ ሰው በብዛት በሚኖርበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቤቱን ለአጭር ጊዜ የሚያከራይ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ለአጎራባቾቹ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ ራሱ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ከቤቱ በ15 ማይል ውስጥ የሚኖርና እንግዳው እስኪወጣ ድረስ የሚገኝ ተወካይ ማስቀመጥ አለበት። በዚያ አካባቢ ምድር ቤታቸውን የሚያከራዩ ዘመዶች አሉኝ፤ ለጎረቤታቸው የስልክ ቁጥራቸውን የሰጡት ሕጉን ለመፈጸም ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በበዓል ዳቦ የሚላላኩ ሆነዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ የሚፈጽም ሰው አዲስ አበባ ላይ ላለው ቤቱ የጎረቤት ስልክ እንኳ የለውም። ሀገር ቤት ሁሉም ሰው ሁሉን ችሎ ያልፋል የሚል ሐሳብ አብሮን ተሰድዶ አብሮን የተመለሰ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ማኅበራችን ስብሰባ ሄድኩ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ነገር ከማርዘም በአንድ ወረቀት መጨረስ ይወዳሉ። ሁለት ነዋሪዎች ጨርሶ ይታገድ አሉ። አንድ ወጣት በየቤቱ ድምፅ የሚለካ መሣሪያ እንዲገጠም ሐሳብ አቀረበ፤ መሣሪያው ንግግር አይቀዳም፣ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ለባለቤቱ ስልክ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሰብሳቢው በጽሞና አዳምጠው፣ «ልጄ፣ ማስጠንቀቂያው ሲደርሳት እርስዋ ዋሽንግተን ነቅታ ነው ያለችው፤ በሩን ማን ያንኳኳላታል?» አሉት። በስብሰባው ላይ ከተባለው ሁሉ ይህ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ከሕንፃው ነዋሪ ሁሉ በዚያ ሰዓት ያልተኛችው የማትገኘዋ ባለቤት መሆኗ ራሱ ያስቃል።

ከረጅም ክርክር በኋላ በደንቡ ላይ የተጨመረው ነገር አጭር ነው። ቤቱን ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ባለቤት በዚሁ ሕንፃ ወይም በእግር በሚደረስበት ርቀት የሚኖር፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣና በር ድረስ የሚመጣ አንድ ሰው ለኮሚቴው ያስመዘግባል። የዚያ ሰው ስም በየፎቁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቁልፍ የሚሰጠው በተወካዩ እጅ እንጂ በአበባ ማሰሮ ሥር ወይም በጥበቃው ኪስ አይሆንም። ተወካይ ላላስመዘገበ ባለቤት ደግሞ በወርሃዊ መዋጮው ላይ ቅጣት ይጨመራል።

የዋሽንግተኗ ባለቤት ከሁሉም ቀድማ ተስማማች። ለተወካይነት የመረጠችው የሙሽራዋን እናት ነው፤ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ትከፍላታለች። ልጇን ድራ ቤቱ ጭር ያለባት ይህች ሴት ሥራውን ከታሰበው በላይ ያዘችው። እንግዳ ሲገባ በሩን ከፍታ፣ ውኃው የሚጠፋበትን ቀን ነግራ፣ ወንበሮቹ እግር ላይ ራስዋ የሰፋችውን ጨርቅ አሳይታ፣ «ከሥራችሁ አንዲት እናት አሉ፤ ሌሊት ለጸሎት ነው የሚነሡት፤ እንደ እናታችሁ እዩዋቸው» ትላለች። አንዳንዶቹ በማግስቱ ወርደው እናቴን ሰላም ይላሉ። አንድ ከሚኒሶታ የመጣ ጎረምሳ አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ተቀምጦ ሁለተኛውን ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሻንጣው አሁንም ይጎተታል፤ ልጆችም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሮጣሉ። ስልክ ደውዬ የማውቀው ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በደወልኩ ጊዜም በነጠላዋ ተሸፍና በሊፍት ስትወጣ እሰማታለሁ።

በሌሎቹ ቤቶች ነገሩ እንዲህ አልሰመረም። አንዳንዶቹ ተወካይ ብለው ያስመዘገቡት ያንኑ ማታ ስልክ የማያነሣ ደላላ ሆኖ ተገኘና ኮሚቴው መለሰባቸው። ሌሎቹ ለደብዳቤው መልስ አልሰጡም። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ቤቶች ያሉት አንድ ባለቤት ግን በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ኢሜይል ላከ፤ ተወካይ መፈለግ ጊዜ ስለሚወስድበት የዓመቱ ቅጣት በጠቅላላው ስንት እንደሆነ ተደምሮ ይነገረኝና በአንድ ጊዜ ልክፈል ይላል። ሰብሳቢው ኢሜይሉን አትመው ለቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ አድርገው ይዘውታል።